አንገቱን የደፋው ሰው

አራት ሰዓት ሙሉ ጠብቄ ያየሁት ነገር አራት ሰከንድ አልሞላም። ሰኔ 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ኬንያ ውስጥ፣ ከናይቫሻ ሐይቅ ብዙ በማይርቅ ኬዶንግ የሚባል ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ላይ። የመኪና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ ያየሁበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ አቧራውና ስለ ሜዳ አህዮቹ አወራለሁ። ውስጤ የቀረውን ግን ለማንም አላወራሁም። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ፊቱን ያላየሁት፣ መኪናዋ እንደ ነፋስ ስታልፍ አንገቱን ደፍቶ ደብተር ያነብ የነበረ ሰው።

ናይሮቢ ስኖር አራተኛ ዓመቴ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ኬንያዊ ነው፤ ልጅ ሳለ አባቱ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሳፋሪ ራሊ የሚባለውን ይህንኑ ውድድር ያሳዩት ነበር። «የሾፌር ልጅ ሆነሽ፣ እዚህ አገር ኖረሽ፣ ሳፋሪን ሳታዪ መቅረት አይሆንም» እያለ በየዓመቱ ይወተውተኛል። አባቴ ለሃያ ሁለት ዓመት ተሳቢ ነድተዋል፤ ከአዲስ አበባ አሰብ፣ በደሴና በባቲ በኩል። ለእኔ መኪና ማለት ሥራ ነው። ጭነት ነው፣ የፍሬን ሸራ ነው፣ የጎማ ዋጋ ነው፣ አባት ከቤት የሚርቅበት ምክንያት ነው። መኪናን እስኪሰበር ነድቶ ወደተነሱበት መመለስ ትርጉሙ አይገባኝም ነበር። በዚያ ዓመት ግን እሺ አልኩት።

ከናይሮቢ የወጣነው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ባልደረባዬ እየነዳ የሳፋሪን ታሪክ ይነግረኛል። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ በጫኑበት በ1953 እ.ኤ.አ. ለበዓሉ መታሰቢያ ተብሎ እንደተጀመረ፣ ያኔ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን ያካልል እንደነበረ፣ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 እንደተመለሰ። ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ወደ ማይ ማሂዩ የሚያወርደው መንገድ ላይ ስንደርስ ጎህ አልቀደደም። ያን መንገድ የሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኢትዮጵያና አካባቢዋ ላይ ተሸንፈው የተማረኩ ጣልያኖች ናቸው። ከመንገዱ ዳር ያለችውን ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1942 እ.ኤ.አ. እነሱው ሠሯት። ነገርን ነገር ያነሳዋል እንዲሉ፣ ጣርማ በር ትዝ አለኝ፤ የጣርማ በርን ዋሻ የቆፈሩትም ጣልያኖች ናቸውና። ትዝታው ግን ወዲያው አለፈ፤ አልያዝኩትም።

አቧራውን መጠበቅ

ራሊን የገመትኩት በቴሌቪዥን እንዳየሁት የፎርሙላ ዋን ውድድር አድርጌ ነበር፤ መኪኖች ተሰልፈው፣ መብራት በርቶ፣ እየተጋፉ የሚሽቀዳደሙበት። ራሊ እንዲያ አይደለም። እያንዳንዷ መኪና ከፊቷ ያለችው ከሄደች ጥቂት ደቂቃ ቆይታ ብቻዋን ትነሳለች። የምትሽቀዳደመው ከሰዓት ጋር ነው። ውድድሩ በየገጠሩ መንገድ ተከፋፍሎ ለቀናት ይካሄድና ሰዓቱ ሁሉ ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። የኬዶንጉ ክፍል ብቻውን በዚያ ዓመት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ተመልካቹ ከዚህ ሁሉ የሚያየው አንዲት ኩርባ ነው። ኩርባውን መርጦ፣ ሌሊት ደርሶ፣ ቦታ ይዞ ይጠብቃል።

ሰዉ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ድንኳን ተክለው ያደሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ሥጋ የሚጠበስበት እሳት ይጨሳል፤ ልጆች ግራር ላይ ወጥተዋል። አጠገባችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ከቴርሞሳቸው የወተት ሻይ ቀድተው ሰጡኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኳቸው። «እንግዲህ አቧራችንን ትቀምሺያለሽ» አሉኝ። አልተሳሳቱም። የዚያ አገር መሬት እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ አንዳንድ ቦታ አቧራው ከወፍጮ ቤት ዱቄት ይልቅ የላመ ነው፤ ሲረግጡት እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል። የራሊ ሰዎች «ፌሽ ፌሽ» ይሉታል። ከሥሩ ድንጋይ ይኑር ጉድጓድ አይታይም። ለሳፋሪ ተብሎ መኪኖቹ አየር የሚስቡበት ቱቦ ወደ ጣሪያቸው ከፍ ተደርጎ ይተከልላቸዋል፤ አለበለዚያ ሞተራቸው በአቧራና በውኃ ይታነቃል።

መጠበቁ አልከበደኝም። አባት ከአሰብ እስኪመለስ ሳምንት መጠበቅ የለመደ ሰው አራት ሰዓት አይበዛበትም። የሎንጎኖት ተራራ ከጨለማው ውስጥ ቀስ በቀስ ሲወጣ እያየሁ ተቀመጥኩ።

አራት ሰከንድ

መጀመሪያ የመጣው ሄሊኮፕተር ነው። ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። ቀጥሎ ከሜዳው ማዶ ነጭ የአቧራ ዐምድ ተነሳና እየሮጠ ወደ እኛ መጣ። ድምፁ ጆሮዬ ከመድረሱ በፊት መሬቱ እግሬ ሥር የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ከዚያ መኪናዋ ታየች፤ ጎኗን ሰጥታ፣ ድንጋይ እየረጨች፣ ኩርባው ውስጥ ገባች፤ ጠፋች። አቧራው ወረደብን። ከቀለም በቀር ምንም አላየሁም። ሁለተኛዋም እንደዚያው ሆነች።

ሦስተኛዋ ስትመጣ ዓይኔ ለምዶ ነበር። የቆምንበት ኩርባ ጠባብ ስለሆነ ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ነው የገባው፤ መኪናዋ ለአንድ አፍታ ሙሉ ጎኗን አሳየችን። በመስኮቱ ሁለት የራስ ቁር አየሁ። በግራ ያለው ቀና ብሏል፤ ክንዶቹ እየተጠላለፉ ከመሪው ጋር ይታገላል። በቀኝ ያለው ግን አንገቱን ደፍቷል። ደብተር ጭኑ ላይ ነው። ሞተሩ እያጓራ፣ መኪናዋ እየተናጠች፣ ገደል ይምጣ ዛፍ ይምጣ እሱ አያይም። ገጽ ገለጠ። እጁ ገጹን ሲገልጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ደነገጥኩ። «ሰውየው ታመመ እንዴ?» አልኩት ባልደረባዬን።

«ናቪጌተሩ ነው፤ መንገዱን እያነበበለት ነው» አለኝ።

«መንገዱን ሳያይ?»

«ቀድሞ አይቶታል፤ ጽፎታል። አሁን ቀና ካለ መስመሩ ይጠፋበታል። መስመሩ ከጠፋበት ደግሞ ሾፌሩ ዕውር ነው።»

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። የእኔ ልብ ግን ያየሁት ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባውም። አንድ የማውቀው ነገር እንዳየሁ ብቻ ተሰማኝ። ኬንያ ውስጥ መኪና በመንገዱ ግራ ስለሚነዳ መሪው በቀኝ ነው፤ እነዚህ የውድድር መኪኖች ግን መሪያቸው እንደ እኛ አገር በግራ ነው። ያ ሰው የተቀመጠው በአባቴ መኪና ውስጥ ሌላ ሰው ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። ያን ሌላ ሰው ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ፊቱ መጣልኝ፣ ስሙ ግን አልመጣም።

መኪኖቹ ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ተመልሰው አለፉ። ሰዉ ሾፌሮቹን በስማቸው እየጠራ ይጮሃል። እኔ የማየው የቀኙን ወንበር ብቻ ነበር። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። ከኋላ ከመጡት የኬንያ ተወዳዳሪዎች አንዷ ከእኛ ወዲያ ጎማ ፈንድቶባት ቆመች። ከመቆሟ በሩን በርግዶ ቀድሞ የወረደው ናቪጌተሩ ነው፤ ጎማ ሥር ተንበርክኮ ክሪኩን ሲያስገባ፣ ብሎኑን ሲፈታ፣ ሾፌሩ ደርሶ አዲሱን ጎማ ሲያቀብለው፣ ደቂቃዎች አልፈጁም። ናቪጌተሩ ወደ ወንበሩ ሲመለስ ጉልበቱ ላይ ያለውን አቧራ እንኳን አላራገፈም፤ ቀበቶውን አስሮ ደብተሩን አነሳ። ያኔ ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ተሰነቀረ።

የወረቀቱ ጥቅል

ቤቴ ስገባ ደክሞኛል፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ስለዚህ ሥራ ሳነብ አመሸሁ። ከውድድሩ በፊት ሁለቱ ሰዎች መንገዱን ሁለት ጊዜ በዝግታ ይሄዱበታል። ሾፌሩ እያየ ይናገራል፣ ናቪጌተሩ ይጽፋል፤ በሁለተኛው ዙር ያርማሉ። እያንዳንዱ ኩርባ ወደ የት እንደሚዞር፣ ምን ያህል እንደሚጠብ፣ እስከሚቀጥለው ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ከአፋፉ ኋላ ምን እንዳለ በአጭር ምልክት ይሰፍራል። በውድድሩ ቀን ይህ ሁሉ ተመልሶ ቃል ይሆናል፦ ግራ አራት፣ መቶ፣ አፋፍ፣ ቀኝ ሁለት፣ ይጠብባል። ቀድሞ ከተነበበ ሾፌሩ ይረሳዋል፤ ከዘገየ መኪናው ከመንገድ ወጥቷል። አንባቢው የት እንደደረሱ የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በመቀመጫው ነው፤ መኪናዋ ስትዘነብል፣ ስትነሳ፣ ስትወድቅ ሰውነቱ ይቆጥራል።

ከሁሉ የገረመኝ በ1955 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የጣልያን ሚሌ ሚሊያ ታሪክ ነው። ውድድሩ ከብሬሻ ተነስቶ ሮምን ዞሮ የሚመለስ ወደ 1600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነበር። እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ መርሴዲሱን ሲነዳ አጠገቡ የተቀመጠው ዴኒስ ጄንኪንሰን የሚባል ጺማም ጋዜጠኛ ነው። ሁለቱ አስቀድመው መንገዱን ደጋግመው ተመላለሱበት፤ ጄንኪንሰን ያየውን ሁሉ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ በሚረዝም ወረቀት ላይ ጽፎ እንደ ክታብ ጠቀለለው፤ ጥቅልሉንም በትንሽ ሣጥን ውስጥ አድርጎ በእጁ እያዞረ አነበበ። ሞተሩ ስለሚያደነቁር በቃል አልተነጋገሩም፤ በእጅ ምልክት ነበር የሚነግረው። በመንገድ ላይ አስመለሰው፣ መነጽሩንም ነፋስ ወሰደበት፤ ትርፍ መነጽር ይዞ ስለነበር እሱን አድርጎ ማንበቡን ቀጠለ። በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨረሱ። ያን ሰዓት ማንም ሳያሻሽለው የፍጥነት ውድድሩ በ1957 ቀረ። አንድ ሰው ከጎኑ ያለው ሰው እጁን ስላወዛወዘ ብቻ፣ ማዶው ወደማይታይ አፋፍ እግሩን ከነዳጅ ሳያነሳ ሲወጣ አስቡት። ይህን እምነት ምን ብዬ እንደምጠራው እስካሁን አላወቅሁም።

ለዚህ ሥራ በአማርኛ ስም ስፈልግ ቆየሁ። «መንገድ ጠቋሚ» አልኩ፤ አልሞላልኝም። «መንገድ መሪ» ስል ቆም አልኩ። ሾፌሩ የሚጨብጠው መሪ ነው፤ መንገዱን የሚነግረውም ሰው መሪ ነው። አንድ ቃል ለሁለቱም እየበቃ እኛ የምናየው የጨበጠውን ብቻ ነው። በመጨረሻ የቀረበኝ ቃል ከልጅነቴ የማውቀው ሆነ፦ ረዳት።

ባልደረባዬ የሼካር ሜህታን አምስት የሳፋሪ ድሎች በዓመታቸው ይቆጥራቸዋል፤ በሳፋሪ ታሪክ ያን ያህል ያሸነፈ ሌላ ሾፌር የለም። ከ1979 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ባሸነፈባቸው አራት ዓመታት አጠገቡ የተቀመጠው ማይክ ዶውቲ መሆኑን ግን የነገርኩት እኔ ነኝ። ስፖርቱ ራሱ አልረሳም፤ በመኪናው ጎን የሁለቱም ስም ይጻፋል፣ ሽልማቱን አብረው ይቀበላሉ፣ ለናቪጌተሮች ለብቻው የዓለም ሻምፒዮና አለ። የምንረሳው ተመልካቾቹ ነን። እኔ ያየሁት ውድድር እሑድ ሲጠናቀቅ ያሸነፉት ሴባስቲያን ኦዢዬና ቬንሳን ላንዴ ናቸው። ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ከተነዳ በኋላ ከሁለተኛው የለያቸው 6.7 ሰከንድ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ጥቂት ቃላት ብቻ ዘግይተው ቢነበቡ ኖሮ ድሉ የሌላ ነበር።

ጣርማ በር

በ1978 ዓ.ም. ክረምት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ደሴ አክስቴ ዘንድ ሊያደርሱኝ በመኪናቸው ይዘውኝ ወጡ። ቡና ጭነናል፣ ተሳቢው ከኋላ ነው። እኔ ጋቢናው ውስጥ መሐል ተቀምጫለሁ፤ በስተግራዬ አባቴ፣ በስተቀኜ ረዳቱ።

ቤታችን ውስጥ ስሙ «ረዳቱ» ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዕድሜው ሃያ ቢሆን ነው። ሰፈራችን ሲደርሱ እሱ ቤት አይገባም፤ መኪናውን ይጠብቃል። እናቴ ምሳውን በሳህን አድርጋ በእኔ ትልክለታለች። በሁለት እጁ ይቀበለኝና «እደጊ» ይለኛል። ዳገት ላይ ስንቆም ታኮ ይዞ የሚዘለው እሱ ነው፤ ጎማ በመዶሻ እየመታ ድምፁን የሚያዳምጠው እሱ ነው፤ ሌሊት ጭነቱ ላይ የሚያድረው እሱ ነው።

ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ማሽቆልቆል ስንጀምር ጉሙ ያዘን። የጣርማ በርን የሐምሌ ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከመስታወቱ ወዲያ ነጭ ግድግዳ ነው። መቆም አይቻልም፤ ከኋላ የሚመጣ ጭነት መኪና አያይም። አባቴ በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጮሁ፣ ፍሬኑን በስሱ እየነኩ ይዘው ወረዱ። ደብረ ሲና ስንደርስ ሻይ ቤት ውስጥ የነበሩ ሾፌሮች ተነስተው ጨበጧቸው። «ይህንን በጭነት ወረዱት?» አሉ። የአባቴ ሸሚዝ ርሶ ነበር።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። ለጓደኞቼ፣ ለባለቤቴ፣ ለልጆቼ፤ የአባቴ ሰባ ዓመት ሲከበርም ቆሜ አውርቼዋለሁ። በሁሉም ውስጥ አባቴ መሪውን ጨብጠዋል፣ እኔ አጠገባቸው ነኝ፣ ጉሙ አለ። የቀኙ ወንበር ባዶ ነው። ኬዶንግ ላይ ያ የራስ ቁር ጎንበስ ብሎ እስካየሁ ድረስ ወንበሩ ለምን ባዶ እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ባዶ የነበረው ረዳቱ ወርዶ ነው። ገና ጉሙ ሲጠና በሩን ከፍቶ ዘለለ። የእናቴን አሮጌ ነጭ ነጠላ ይዞ፣ ከመኪናው ፊት፣ በገደሉ በኩል ባለው ጠርዝ እየሄደ ይጣራ ነበር። «ይመጣል… ይመጣል… ግራ ቁረጥ… መልስ… ይመጣል…» ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከፊቱ ምን እንዳለ እሱም አያይም፤ በእግሩ እየዳሰሰ ነበር የሚነግራቸው። ከኋላው የሚወርደው ያ ሁሉ ጭነት አንድ ጊዜ ቢያመልጥ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ደብረ ሲና ስንገባ አባቴን ሲጨብጧቸው እሱ ጎማ ሥር ተኝቶ ፍሬኑን ያይ ነበር። ሻይ የወሰድኩለት እንኳን አይመስለኝም።

ስልኩ

ለአባቴ ደወልኩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ስልክ ላይ ጮክ ብለው ያወራሉ።

«አባባ፣ ያ ረዳት ስሙ ማን ነበር?»

«የቱ? በእጄ ያለፈ ረዳት ስንት ነው!»

«ጣርማ በር ላይ ጉሙ የያዘን ቀን የነበረው።»

ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ አንድም ሳይደናቀፉ ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ፈቃዱን አልጠየቅሁምና። በኋላ ራሱ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ መንገዱ ወደ ጅቡቲ ሲዞር በጅቡቲ መሥመር ዓመታት ነድቶ፣ አሁን ኮምቦልቻ ተቀምጧል አሉኝ። በየዓመት በዓሉ ይደውልላቸዋል። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር።

«ያን ቀን እርስዎ ምን ታይቶዎት ነበር?» አልኳቸው።

«እኔማ ምን ይታየኛል ልጄ? ጉም ነዋ!» አሉ። «ቁጥሩን ልስጥሽ?»

ቁጥሩን የጻፍኩት በራሊው መግቢያ ትኬት ጀርባ ላይ ነው። ትኬቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ሁለት ቀን አየሁት። ምን እላለሁ? ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ታሪኩን ሳወራ አንዴም እንዳላነሳሁት እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ? በሦስተኛው ቀን ማታ ደወልኩ። የጎለመሰ፣ ረጋ ያለ ድምፅ አነሳው። የአባቴን ስም ጠርቼ ልጃቸው እንደሆንኩ ተናገርኩ።

«ሳህን ይዛ የምትመጣዋ?» አሉኝ።

ስለ ሳፋሪው፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ጄንኪንሰን ጥቅል ሳይቀር እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ ስለ ነጭ ነጠላው አነሳሁ፤ አባቴ ያን ነጠላ እየተከተሉ እንዴት እንደወረዱ፣ ያለ እሱ እንዴት እንደሚሆን።

«ነጠላውንማ አባትሽ አላዩትም» አሉኝ። «እሳቸው የሚከተሉት ድምፄን ነበር። አንቺ በመስኮት ብቅ ብለሽ ታለቅሺ ነበር እኮ፤ ረሳሽው? ሰው ከፊትሽ እንዳለ እንድታዪ ብዬ ነው ከፍ አድርጌ የያዝኩት።»